ጎተራ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ፎቶግራፉ ምን ያስቀራል?

ቤት እንደ ሰው ሥራውን ይለውጣል። ትናንት እህል የተከማቸበት አዳራሽ ዛሬ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ገብቶበት መማሪያ ክፍል ይሆናል። ነገሩ የሚያስደስት ነው። ሆኖም ቤቱ በተለሰነና ቀለም በተቀባ ቁጥር የቀድሞ ሥራው ምልክት እየጠፋ ይሄዳል። ይህን ጽሑፍ ለማራኪ ጓደኞቻችን ማቅረባችን፣ በየኪሳችን ባለው ስልክ እንኳ ያንን ምልክት ማስቀረት እንደሚቻል ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ አንድ ትምህርት ቤት ሄደን ብዙ ፎቶግራፍ አነሣን። ተመልሰን ስናየው ያገኘነው የልጆቹን ፈገግታ ብቻ ነበር። በዓመቱ ብንሄድ ጭነት ይገባበት የነበረው ሰፊ በር በብሎኬት ተደፍኖ ተለስኗል። ስፋቱን የሚያሳይ አንድም ፎቶግራፍ በእጃችን አልነበረም።

ታዲያ ምን ማንሣት ይገባ ነበር? ለዚህ የለንደንን ጎተራ እንመልከት። ሉዊስ ኪውቢት የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1852 የተሠራው ይህ ሕንጻ ለከተማው ዳቦ ጋጋሪዎች የሚሆን ስንዴ ይከማችበት ነበር። ጀልባዎች በቦይ መጥተው ከሕንጻው ሥር ድረስ ይገቡ ነበር። ከ2011 ጀምሮ ግን ሴንትራል ሴንት ማርቲንስ የተባለው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተማሪዎች ይማሩበታል። የሕንጻውን ፊት ብቻ ያነሣ ሰው የሚያሳየን ትልቅ የጡብ ቤት ነው። ከፊቱ ያለውን አደባባይ ጨምሮ ያነሣ ግን፣ አደባባዩ ቀድሞ የጀልባዎች መቆሚያ ውሃ ነበርና፣ ስንዴው በየት እንደ መጣ ያስረዳል። እንግዲህ የሚነሣው ግድግዳው ብቻ ሳይሆን የሥራው መንገድ ነው፤ ዕቃው በየት ገባ፣ የት ተቀመጠ፣ በየት ወጣ?

አነሣሡም ዘዴ አለው። ካሜራው ወደ ላይ ካንጋጠጠ ቤቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ስለዚህ መራቅ ወይም ከፊት ለፊት ከፍ ካለ ቦታ መቆም ያሻል። የፋብሪካ ሕንጻዎችን በማንሣት የታወቁት ጀርመናውያን ባልና ሚስት፣ በርንድና ሂላ ቤሸር፣ ጥላ ቅርጹን እንዳይሸፍነው ደመናማ ቀን ይመርጡ ነበር። የተደፈነ መስኮትንና የተጠገነ ልስንን ለማሳየት ግን የጧት ወይም የማታ ፀሐይ ይሻላል፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ትንሹ ጉብታ ሁሉ ጥላ ያወጣል። ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው ቢቆም ስፋቱ ይታወቃል። መምህራኑንና ዘበኛውን አስቀድሞ ማስፈቀድም ግዴታ ነው።

ይህም ሆኖ ፎቶግራፍ ብቻውን አይናገርም። ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኖ ተመረቀ። በፊቱ የቆመውን ጠመዝማዛ ደረጃ ያለ ጽሑፍ ያየ እንግዳ ጌጥ ይመስለዋል። ጣሊያኖች ግን ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፋሺስት አገዛዝ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ብለው ነበር የሠሩት፤ በጫፉ ላይ አንበሳው የተቀመጠው ከነፃነት በኋላ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር ቦታው፣ ቀኑና የቤቱ የቀድሞ ሥራ ይጻፍ።

ጥገናም ራሱ ታሪክ እንደሚሆን ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል። በጣሊያን ዘመን የፋሲል ግቢ ሲጠገን የገባው ሲሚንቶ ከጊዜ በኋላ እንዳልተስማማ ታውቆ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። እንዲህ ያለውን እርማት ለመሥራት የቀድሞውን መልክ ማወቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ከመጋዘን ወይም ከወፍጮ ቤት ወደ መማሪያነት የተለወጠ ቤት ካያችሁ፣ ልጆቹን ከማንሣታችሁ በፊት በሩን አንሡ። በቤቱ ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ ካሉም ጠይቁና ቃላቸውን ጻፉ። ለሳኙ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና።