በአንድሮይድ ማን ይቅደም? የመልእክት ተቀባዮች የቅድሚያ ደረጃ

በአንድሮይድ ስልክ ላይ ቻርጀር ሲሰካ፣ ስልኩ ተነሥቶ ሲበራ ወይም ኤስኤምኤስ ሲገባ ሲስተሙ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው አፕሊኬሽኖች መልእክት ያሰራጫል። መልእክቱ ብሮድካስት፣ መልእክቱን ተቀብሎ ተገቢውን ሥራ የሚሠራው የአፕሊኬሽኑ ክፍል ደግሞ ሪሲቨር ይባላል።

ብሮድካስት ሁለት ዓይነት ነው። ተራው ብሮድካስት ለሁሉም ሪሲቨሮች ይበተናል፤ ማን ቀድሞ እንደሚያገኘው አይታወቅም። ቅደም ተከተል ያለው ብሮድካስት ግን በየተራ ይሄዳል፤ አንዱ ሪሲቨር ሲጨርስ ለቀጣዩ ይተላለፋል። ተራውን የሚወስነው ፕራዮሪቲ የተባለ ቁጥር ነው። ፕሮግራመሩ ቁጥሩን በአፕሊኬሽኑ መግለጫ ፋይል (ማኒፌስት) ወይም በኮዱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ካልተቀመጠ 0 ሆኖ ይወሰዳል። ከፍተኛ ቁጥር ያለው ይቀድማል። ቁጥራቸው እኩል በሆኑት መካከል ማን እንደሚቀድም ዋስትና የለም። ለአፕሊኬሽኖች የተፈቀደው ከ-999 እስከ 999 ያለው ሲሆን፣ -1000 እና 1000 ለሲስተሙ የተጠበቁ ናቸው።

ተራው የደረሰው ሪሲቨር መልእክቱን አይቶ ማሳለፍ፣ ለቀጣዩ የራሱን ውጤት አክሎ ማስተላለፍ ወይም ጭራሹን እዚያው ማስቆም ይችላል። የቻት አፕሊኬሽን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የንግግሩ ገጽ ክፍት ሲሆን ብቻ የሚመዘገብ ሪሲቨር 100፣ ሁልጊዜ የሚጠብቀው ደግሞ 0 ይሰጣቸዋል እንበል። ገጹ ክፍት ከሆነ ባለ 100ው መልእክቱን በስክሪኑ ላይ አሳይቶ ጉዞውን ያስቆማል። ገጹ ከተዘጋ መልእክቱ ባለ 0ው ዘንድ ይደርስና ስልኩ ድምፅ አሰምቶ ያሳውቃል። ተጠቃሚው አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ አያየውም።

የማስቆም መብቱ ግን ለተንኮልም ውሏል። ቀደም ሲል የገባ ኤስኤምኤስ የሚሰራጨው በዚሁ መንገድ ስለነበር፣ አጥፊ አፕሊኬሽኖች 2147483647ን የመሰለ ግዙፍ ቁጥር ለራሳቸው እየሰጡ ከባንክ የተላከን የማረጋገጫ ኮድ ከባለቤቱ ቀድመው ያነቡና ያስቀሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አንድሮይድ 4.4 ይህን በር ዘጋ፤ ኤስኤምኤስን ማስቀመጥ ተጠቃሚው የመረጠው አንድ አፕሊኬሽን ሥራ ሆነ። ሌሎቹ ፈቃድ ካገኙ ማንበብ ይችላሉ እንጂ ማስቆም አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው አንድሮይድ 16 ደግሞ ቅድሚያው የሚከበረው በአንድ አፕሊኬሽን ፕሮሰስ ውስጥ ብቻ እንዲሆን አደረገ፤ ከተፈቀደው ክልል ያለፈ ቁጥርም ወደ ክልሉ ይመለሳል።

በአንድ አፕሊኬሽን ውስጥ ግን ቅድሚያው አሁንም ስለሚሠራ ቁጥሮችን 10፣ 50፣ 100 እያሉ አራርቆ መስጠት ይመረጣል፤ በኋላ አዲስ ሪሲቨር መካከል ላይ ማስገባት አያስቸግርም። ቀዳሚው ሪሲቨር ከዘገየ ከኋላው ያሉት ሁሉ ስለሚጠብቁ፣ ረጅም ሥራ ለሌላ ክፍል ሊተላለፍ ይገባል። ፕራዮሪቲ የአንድን አፕሊኬሽን የውስጥ ሥራ ለማደራጀት ይጠቅማል፤ ምስጢርን ለመጠበቅ ወይም ሌላ አፕሊኬሽንን ለመቅደም ግን የሚታመን መሣሪያ አይደለም።