የቃል ክፍሎች ለግጥም ጀማሪ፤ በአርጆ ከአማርኛ ክፍል የተገኘ ልምድ

መግቢያ

በትምህርት ቤቶቻችን የቃል ክፍሎች ትምህርት ብዙውን ጊዜ ብያኔ ከማስጠናት አያልፍም። ተማሪው «ስም ማለት» ብሎ ይጀምራል፤ ምሳሌ ይደረድራል፤ ለፈተና ትክክለኛውን መልስ ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ያን እውቀት የሚያውልበት ቦታ የለውም። ግጥም ደግሞ በሌላ ምዕራፍ ለብቻው ይቀርባል። የወል ቤት በሐረግ ስድስት ቀለም፣ ሰንጎ መገን አምስት ቀለም እንዳለው ይነገራል፤ ቤት መምታት ይብራራል፤ ከዚያም «ግጥም ጻፉ» ይባላል።

የሁለቱ ትምህርቶች መለያየት ይበልጥ የሚጎዳው አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ የሚማረውን ነው። በምሥራቅ ወለጋ፣ በአርጆ፣ አማርኛ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነበር። እነዚህ ተማሪዎች ቀለም ቆጥረው ቤት ለማስመታት የሚበቃ የቃላት ሀብት እስኪያከማቹ ይጠብቁ ከተባለ፣ ብዙዎቹ በአማርኛ አንዲት ግጥም ሳይጽፉ ትምህርታቸውን ይጨርሳሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የቃል ክፍሎችን የስንኝ መዋቅር አድርጎ በመጠቀም ይህን ክፍተት ማጥበብ እንደሚቻል፣ ነገር ግን አብነቱ ከአማርኛ ሰዋስው ጋር መስማማት እንዳለበት ለማሳየት እሞክራለሁ።

አብነቱና ምንጩ

አሜሪካዊቷ ገጣሚ አደሌድ ክራፕሲ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አምስት ስንኝ ያለው አጭር የግጥም ዓይነት ፈጥራ ነበር። ስንኞቹ በቅደም ተከተል 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 2 ቀለም አላቸው። ከእርስዋ በኋላ መምህራን የቀለሙን ቁጥር ትተው በቃል ክፍል ተኩት፤ አንድ ስም፣ ሁለት ቅጽል፣ ሦስት ግስ፣ አንድ አጭር ሐረግ፣ በመጨረሻም የመጀመሪያውን የሚተካ ሌላ ስም። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ አይሪስ ቲድት ሰባት ስንኝ ያለውንና በሁለት ተቃራኒ ስሞች መካከል የሚዘረጋውን ባለ አልማዝ ቅርጽ አብነት አስተዋወቀች።

የትኞቹ የቃል ክፍሎች ለዚህ ሥራ ይበጃሉ? መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛን የቃል ክፍሎች ስምንት ሲያደርጉ፣ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» አምስት አድርገዋቸዋል፤ ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ። ለጀማሪ ገጣሚ አምስቱ ይበቃሉ።

ቦዝ አንቀጽና ማሰሪያው

አብነቱ እንዳለ ወደ አማርኛ ሲገባ ችግር የሚገጥመው በሦስተኛው ስንኝ ነው። የእንግሊዝኛው ሦስት ግሶች ሳይታሰሩ ተንጠልጥለው ሊቀሩ ይችላሉ። በአማርኛ ለቦታው የሚቀርበው ቦዝ አንቀጽ ግን ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃል። «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ» ሲባል ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። እንግዲህ አምስተኛው ስንኝ ስም መሆኑ ቀርቶ ማሰሪያ አንቀጽ ይሁን። ለክፍሉ ያዘጋጀሁት ምሳሌ እነሆ፦

ቡና
ጥቁር፣ መራራ
ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ
በረከቦቱ ዙሪያ
አስታረቀን።

የመጨረሻው ቃል አንድ ነው፤ ሆኖም አድራጊውን፣ ተደራጊውንና ጊዜውን በአንድነት ይዟል። ከዚህም በላይ ያልተነገረ ጠብ እንደ ነበረ ይጠቁማል። «አስታረቀን» በ«ቀዘቀዘ» ቢተካ የቀሩት አራት ስንኞች ሳይነኩ ግጥሙ ሌላ ይሆናል፤ የተጠበቀው እንግዳ አልመጣም። ተማሪው የግስን ጉልበት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞችም የሚያስተምሩት አላቸው። በአማርኛ ቅጽል ከስሙ ይቀድማል፤ «ጥቁር ቡና» እንላለን። በኦሮምኛ ግን ስሙ ቀድሞ ቅጽሉ ይከተላል፤ «ቡነ ጉራቻ» ይባላል። ስለሆነም ስሙን አስቀድሞ ቅጽሎቹን የሚያስከትለው አብነት ለአርጆው ተማሪ ከቤቱ የሚያውቀው ቅደም ተከተል ነው። መምህሩ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ በሰሌዳ ላይ ቢጽፋቸው፣ ተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ማነጻጸሪያ ይጠቀምበታል።

ባለ ሰባት ስንኙ አብነት

ይህ አብነት በስም ስለሚያልቅ ቦዝ አንቀጽ አይስማማውም። ለእርሱ የሚሻለው «የሚ-» ያለበት ግስ ነው፤ እንዲህ ያለው ግስ ከፊቱ ስም ይፈልጋልና። ከአርጆ ቁልቁል ያለውን የደዴሳን ሸለቆ እያሰብሁ ያዘጋጀሁት የሚከተለው ነው፦

ክረምት
ጥቁር፣ ጭጋጋማ
የሚያጉረመርም፣ የሚሞላ፣ የሚያለያይ
ደመና፣ ወንዝ፣ ድልድይ፣ መንገድ
የሚያጠራ፣ የሚያጎድል፣ የሚያገናኝ
ደማቅ፣ አቧራማ
በጋ

በሦስተኛው ስንኝ ያሉት ግሶች በ«ደመና» እና በ«ወንዝ» ላይ ያርፋሉ፤ በአምስተኛው ያሉት «በጋ»ን ይጠብቃሉ። መታጠፊያው አራተኛው ስንኝ ነው፤ ከ«ወንዝ» ወደ «ድልድይ» ሲሻገር ወቅቱም አብሮ ይሻገራል። በአጭሩ፣ ቦዝ አንቀጽ ወደ ግስ፣ «የሚ-» ያለበት ግስ ወደ ስም ይጓዛል። ይህን ልዩነት ከብያኔው ይልቅ ሁለቱን ግጥሞች ጽፎ ያየ ተማሪ አይረሳውም።

ግጥም ነውን?

«ቤት የማይመታ፣ ምጣኔ የሌለው ነገር ምኑ ግጥም ነው?» የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼ ተነሥቶ ነበር፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አብነቱ የወል ቤትን ይተካል አልልም። ይሁን እንጂ ግስ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ በሚቆምበት ቋንቋ፣ ጀማሪ በተመሳሳይ የግስ ምዕላድ ብቻ በቀላሉ ቤት ያስመታል፤ «መጡ» ካለ «ወጡ» ይከተላል፣ ትርጉሙ ቢያስፈልግም ባያስፈልግም። አብነቱ ይህን ምርኩዝ ይነሣዋል። ቃሉን የሚመርጠው ለድምፁ ሳይሆን ለትርጉሙ ይሆናል። ያን ከለመደ በኋላ ወደ ምጣኔና ወደ ቤት መምታት ቢሄድ፣ የሚያስመታው ቤት ባዶ አይሆንም።

ቋንቋን ከሥነ ቃል ጋር አጣምሮ ማስተማር ለወለጋ እንግዳ ነገር አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ ፊደልና ቃላት ከማስተማሩ ጋር የቃል ተረቶችንና ዘፈኖችን ይዟል። ኦነሲሞስም በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ አስተምረዋል።

አብነቱን ለመሞከር ለሚሹ መምህራን ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ርእሱ ተማሪው በእጁ የነካው ወይም በዓይኑ ያየው ነገር ይሁን፤ «ፍቅር»ና «ሰላም» ለኋላ ይቆዩ። ሁለተኛ፣ ቃሉ በኦሮምኛ ቀድሞ ከመጣለት ይጻፈው፤ አማርኛውን ከጓደኞቹ ጋር ይፈልግ። ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን ግስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቀይር፤ በየጊዜውም ግጥሙ ምን እንደ ሆነ ለክፍሉ ያስረዳ። ማርኩ መሰጠት ያለበት ለዚህ ማብራሪያ ነው።