ተምር ከዛፉ እስከ ማፍጠሪያው

የመግሪብ አዛን ሲሰማ እጃችን ቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ተምር ነው። እንዴት እንደሚደርስ ግን እምብዛም አንጠይቅም። የተምር ዛፍ ወንድና ሴት አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። ነፋስ ብቻውን ስለማይበቃ ገበሬው ዛፉ ላይ ወጥቶ የወንዱን አበባ ዱቄት በሴቷ አበባ ላይ ያራግፋል። በመዲና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም እንዲሁ ይሠራ ነበር። በአገራችንም አፋር ውስጥ፣ በአሳይታና በአፋምቦ በኩል ይበቅላል።

እርጥቡ ሩጠብ፣ የደረቀው ተምር ይባላል። ውሃው ቀንሶ ስኳሩ ስለሚበዛ ነው ሳይበላሽ ወራት የሚከርመው። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ ወዲያው አትጣሉት፤ ብዙ ጊዜ ስኳሩ ወጥቶ የደረቀ ነው። ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፤ ትል ካለበት ወይም ሆምጣጣ ከሸተተ ግን ይቅር።

እናቶች ሆይ፣ አደራ የምንለው በውሃ ስለሚዘፈዘፈው ነው። ማታ ተዘፍዝፎ ለሱሁር የሚጠጣው ነቢዝ ሐላል ነው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ጠጥተውታል። በሞቃት አገር ግን ቶሎ ይፈላል። ፍሪጅ ያለው ፍሪጅ ያስገባው፣ የሌለው በዕለቱ ይጠጣው። አረፋ ካወጣ ወይም ምላስ ከቆነጠጠ፣ «ተምር ነው እኮ» ብሎ ለልጅ መስጠት የለም። ይደፋ።