የማያርፈው ስታተር

አሮጌ ሞተር ሳይክል ጠዋት አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ባትሪው ነው። አዲስ ተገዝቶ ይገባል፣ ሞተሪኖው ይጮኻል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፍሬቻው መድከም፣ ክላክሱ መሰለል ይጀምርና አዲሱም ባትሪ እንደ አሮጌው ይተኛል። ከባትሪ ሻጭ ጋር ጭቅጭቅ የሚነሳው ይኼኔ ነው። ባትሪ ግን የራሱ ገቢ የለውም፤ የተሰጠውን ያስቀምጣል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል። ሁለት ባትሪ ተከታትሎ ከተኛ መፈተሽ ያለበት ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በተሠሩ ብዙ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ላይ ይህ ክፍል ሦስት ነገር ነው። ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ማግኔት አለ። በማግኔቱ ውስጥ ደግሞ ቦታውን ሳይለቅ የሚቀመጥ፣ ጥርስ ጥርሱ በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ቀለበት አለ፤ ስታተር የሚባለው እሱ ነው። ሦስተኛው መዳፍ የሚያክል፣ ጀርባው ክንፍ ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ሣጥን ነው። ስታተሩ የሚያመነጨው ኤሲ ነው፣ ባትሪ የሚቀበለው ግን ዲሲ ብቻ ነው። ሣጥኑ ኤሲውን ወደ ዲሲ ይቀይራል፣ ቮልቴጁም ከልክ እንዳያልፍ ይቆጣጠራል። ሬጉሌተር ሬክቲፋየር ነው ሙሉ ስሙ፤ ጋራዥ ውስጥ ሬጉሌተር ብቻ ይበቃል።

የዚህን ሬጉሌተር ጠባይ ያልተረዳ ሰው ስታተር ሲቀይር ይኖራል። ማግኔቱ ቋሚ ነው፤ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ኃይል ያመነጫል፣ ቀንስ ቢሉት አይቀንስም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሬጉሌተር ባትሪው ሲጠግብ ትርፉን የሚያስወግደው የስታተሩን ሽቦዎች ሾርት በማድረግ ነው። ጅረቱ መብራትም ባትሪም ሳይደርስ እዚያው በጥቅሉና በሬጉሌተሩ ውስጥ እየዞረ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስታተሩን ላሳርፍ ብሎ የፊት መብራቱን የሚያጠፋ ሰው እንግዲህ ምንም አላሳረፈም፤ መብራቱ ይወስደው የነበረውን ሬጉሌተሩ ያቃጥለዋል። ስታተሩ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ሙሉ ቀን ይሠራል። ከዓመታት በኋላ የሽቦው ቫርኒሽ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል፣ ሽቦ ከሽቦ ወይም ሽቦ ከቦዲ ይነካካል።

በዚህ በሽታ ስሙ የገነነው የሱዙኪ ጂኤስ ቤተሰብ ነው። ጂኤስ 750 እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ የሱዙኪ የመጀመሪያው ባለ አራት ሲሊንደር ፎር ስትሮክ ነበር። ክራንክሻፍቱ በሮለር ኩሽኔታ ላይ የሚዞር፣ በጣም ጠንካራ ሞተር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን እንደ ሞተሩ አልሆነም። ከስታተሩ ከሚወጡት ሦስት ሽቦዎች አንዱ በቀጥታ ወደ ሬጉሌተሩ አይሄድም። እስከ እጀታው ድረስ ወጥቶ በመብራት ማብሪያው በኩል ያልፍና ተመልሶ ይወርዳል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ መብራት ሲጠፋ አንዱን ሽቦ ቆርጦ ምርቱን ለመቀነስ ነው። ማብሪያው በቀረባቸው ሞዴሎች ላይ እንኳ ሽቦው ያንኑ የድሮ ጉዞ መጓዙን አልተወም። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሶኬት እየዛገ ኃይል ይበላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ሽቦውን ከስታተር ወደ ሬጉሌተር በቀጥታ ማገናኘት።

ወደ ምርመራው ስንገባ የሚያስፈልገው አንድ ቴስተር ነው፣ ርካሹም ይበቃል። መጀመሪያ ባትሪው በደንብ ተሞልቶ ጥቂት ሰዓት ይረፍ፤ ያልተሞላ ባትሪ ላይ የሚወሰድ ልኬት ሁሉ ያሳስታል። ያረፈ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ በደቂቃ እስከ 5000 ዙር ድረስ ነዳጅ እየሰጡ የባትሪውን ጫፎች መለካት ነው። ከ13.5 እስከ 14.8 ባለው ውስጥ ከሆነ ቻርጁ ደህና ነው፣ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። 12.5 ላይ ቆሞ ነዳጅ ሲሰጡት የሚወርድ ከሆነ ቻርጅ የለም። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ መቆጣጠር አቅቶታል፤ የባትሪው ውሃ ይጎድላል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ አምፖልም ይቃጠላል።

ቻርጅ ከሌለ በስታተሩና በሬጉሌተሩ መካከል ያለው ሶኬት ይነቀል። ከመለካት በፊት ግን ሶኬቱን በዓይን ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው አለ። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ በአንዱ ጥርስ ዙሪያ ቀልጧል፣ ጥርሱ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፣ ሽቦው ከጫፉ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ድረስ ደርቆ እንደ እንጨት ይሰበራል። የላላ ጥርስ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይላላል። እንዲህ ያለውን ሶኬት አጽድቶ መመለስ ድካም ነው፤ ቆርጦ መጣልና ሽቦውን መበየድ ይሻላል።

ሶኬቱ ጤነኛ ከሆነ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ ሦስቱን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ እያደረጉ መለካት ነው። ሦስቱም ጥንዶች እኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኦም የማይርቅ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች መጀመሪያ አነካክቶ የሚያሳየውን ቁጥር መቀነስ እንዳይረሳ፤ እዚህ ደረጃ ላይ የገመዱ የራሱ ኦም ብቻውን ያታልላል። ከሦስቱ አንዳቸውም ከቦዲ ጋር ምንም ግንኙነት ሊያሳዩ አይገባም፤ ካሳዩ ስታተሩ አልቋል፣ ዲናሞ ለሚጠቀልል ባለሙያ ይሰጥ። ቀጥሎ ሶኬቱ እንደተነቀለ ሞተሩን አስነስቶ ኤሲ መለካት ነው። በ5000 ዙር ከ60 እስከ 80 ቮልት ግድም ይጠበቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር በየሞዴሉ ማንዋል ላይ አለ። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የማየው ሦስቱ ጥንዶች መስማማታቸውን ነው። ይህ ቮልቴጅ እጅ ላይ ይናደፋልና ባዶውን ሽቦ አለመንካት።

ስታተሩ ደህና ሆኖ ቻርጅ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ሬጉሌተሩ ይዞራል። እሱንም ከመግዛት በፊት አንድ ልኬት ይቀራል። ሶኬቱ ተመልሶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ ሬጉሌተሩ ዲሲ በሚያወጣበት ቀይ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ማድረግ ነው። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መሐል ላይ ያለ ፊውዝ ወይም ሶኬት ኃይል እየበላ ነው። በሬጉሌተሩ አካልና በባትሪው ነጌቲቭ መካከልም እንዲሁ። አንዳንዱ ሬጉሌተር ቮልቴጁን የሚለካው ራሱ በሚያወጣበት ጫፍ ላይ ስለሆነ መንገዱ ሲበላሽ ይሳሳታል። በእሱ በኩል 14 ተኩል ያያል፣ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13 ነው፣ እሱ ግን ጠገበ ብሎ ይዘጋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ተፈትተው የተጣሉ ጤነኛ ሬጉሌተሮች ጥቂት አይመስሉኝም።

ይህ አካሄድ ሁሉም ሞተር ላይ አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የመጡት ብዙዎቹ ባለ ሁለት ሲሊንደር ቢኤምደብሊው ሞተሮች ማግኔታቸው ቋሚ አይደለም፤ ማግኔት እንዲሆን የመጀመሪያውን ጅረት የሚያገኘው በቻርጅ መብራቱ አምፖል በኩል ነው። ያቺ ትንሽ አምፖል ከተቃጠለች ቻርጅ አይጀምርም። በእግር እየተረገጡ የሚነሱ ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ደግሞ የፊት መብራቱ በቀጥታ ከጥቅሉ ኤሲ ይወስዳል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ደምቆ ሲተዉት ቢደበዝዝ ተፈጥሮው ነው፣ ስለ ባትሪውም የሚናገረው ነገር የለም።

ዛሬ ስታተሩን ሾርት ሳያደርጉ ትርፉን መንገድ በመዝጋት የሚያቆሙ ሬጉሌተሮች አሉ፤ ሲሪስ ይባላሉ። ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ ስታተሩ ግን በእነሱ እጅ ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን የአየር ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ላይ፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረት ከብረት እንዲነካ ተደርጎ ይታሰር። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ነድቶ፣ ሞተሩ ትኩስ እንደሆነ፣ ከባትሪው ጫፍ ጀምሮ ሁሉንም ልኬት እንደገና መውሰድ ነው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ጤነኛ የሚመስል ስታተር ሲግል ቦዲ የሚነካበት ጊዜ አለ።