ጭቃን ያጸና እሳት

ፀሐይ ላይ ብቻ የደረቀ ማሰሮ ውኃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ግን በአፈሩ ውስጥ የታሰረው ውኃ ወጥቶ ስለሚያልቅ፣ ዕቃው ቢሰበር እንኳ ገል ይሆናል እንጂ ጭቃ አይሆንም። ገል አይበሰብስም፤ የጥንት መንደሮችን ዕድሜ ለመለየት አርኪዮሎጂስቶች ከወርቅ ይልቅ እሱን የሚወዱትም ለዚህ ነው።

ሰው በመጀመሪያ በእሳት ያጸናው ማሰሮ አልነበረም። በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ዶልኒ ቬስቶኒትሴ ላይ የተገኘች አንዲት የሴት ምስል ከ25,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። እስካሁን ከተገኙት ማሰሮዎች ቀደምት የሆኑት ደግሞ በቻይና ሺየንረንዶንግ ዋሻ የወጡት ገሎች ሲሆኑ ዕድሜያቸው 20,000 ዓመት ገደማ ይገመታል። ያኔ እርሻ አልነበረም፤ ሸክላን ገበሬ ፈጠረው የሚለው የቆየ ትምህርት እዚህ ላይ ይፈርሳል። ጃፓን ውስጥ የጆሞን ሰዎች እርጥቡን ጭቃ በገመድ እየተጫኑ ያስጌጡ ነበር፤ በማሰሮዎቻቸው ላይ የቀረው ቅባት ሲመረመር ዓሣ ይቀቅሉባቸው እንደነበር ታውቋል። አፍሪካም የማንንም ትምህርት አልጠበቀችም፤ ማሊ ውስጥ ኡንጁጉ የተገኘው ሸክላ 11,000 ዓመት ያልፈዋል።

የሸክላ መሥሪያ መንኮራኩር በመስጴጦምያ የተለመደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዓመት ነው። ሥራውን አፋጠነ፤ የጥበብ መለኪያ ግን አይደለም። የፔሩ ሞቼዎች ያለ መንኮራኩር፣ በቅርጽ ማውጫ እየታገዙ፣ የሰው ፊት ቁርጥ የሚመስሉ እንስራዎች ሠርተዋል። የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪ ሴቶችም ጀበናውንና ምጣዱን የሚያወጡት በእጃቸው ነው። እንጀራውን በምጣዳቸው እየጋገረ እነሱን ግን «ቡዳ» እያለ ያገለለው ኅብረተሰብ ለዚህ ሙያ ያለበት ዕዳ ቀላል አይደለም።

እሳትን በመግራት ረገድ የአቴና ሠሪዎች የሚደነቁ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት በሠሯቸው ዕቃዎች ላይ የሚታዩት ጥቁርና ቀይ ሁለት ቀለሞች ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን የሚገኙት ብረት ካለበት አፈር ነው። ሥዕሉ የሚቀባው ደቃቁ ተጣርቶ በወጣ ቀጭን ጭቃ ነው። በመጀመሪያ እቶኑ አየር እንዲያገኝ ስለሚደረግ ዕቃው ሁሉ ይቀላል። ቀጥሎ ቀዳዳው ተደፍኖ እርጥብ እንጨት ሲጨመር ሁሉም ይጠቁራል፤ የተቀባው ክፍልም በዚያ ሙቀት እንደ ብርጭቆ ይጠብቃል። በመጨረሻ አየሩ እንደገና ሲለቀቅ ያልተቀባው ይቀላል፤ የጠበቀው ግን አየር ስለማያስገባ እንደ ጠቆረ ይቀራል። ቴርሞሜትር በሌለበት ዘመን ይህ ሁሉ በዓይንና በልምድ ይመራ ነበር።

ከዚህ የላቀውን ሙቀት የደፈሩት ቻይናውያን ናቸው። ካኦሊን የተባለውን ነጭ አፈር ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ቀላቅለው 1,300 ዲግሪ ገደማ ሲያደርሱት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውኃ የማያስገባ ፖርሰሊን ሆነ። ማዕከሉ ጂንግዴዠን ነበር፤ በ14ኛው መቶ ዘመን ዝነኛ የሆነው ሰማያዊ ሥዕል የተሣለው ከፋርስ በመጣ ኮባልት ነው።

አውሮፓውያን ይህን ዕቃ በውድ እየገዙ አሠራሩን ሳያውቁ ብዙ ዘመን ቆዩ። የሳክሶኒው ገዥ ኃያሉ አውግስጦስ ወርቅ እሠራለሁ ይል የነበረውን ዮሐን ፍሪድሪሽ ቦትገርን አስሮ ያሠራው ነበር። ወርቁ አልመጣም፤ ቦትገር ግን ከሊቁ ቺርንሃውስ ጋር ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1708 የፖርሰሊኑን ምስጢር ደረሰበት። በ1710 የማይሰን ፋብሪካ ተከፈተ። ገዥው ምስጢሩን በወታደር ቢያስጠብቅም ሠራተኞች መኮብለላቸው አልቀረም፤ በእነሱ እርዳታ በ1718 ቪየና ውስጥ ተፎካካሪ ፋብሪካ ተቋቋመ።