የእሳት ጎዳናዎች፦ ብቸኛው ጀግናና የሰፈሩ ሕዝብ

ሥነ ጥበብ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው ሲባል ዘወትር ይሰማል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም በችኮላ ሲነገር አንድ ከባድ ጥያቄ ሳይመለስ ያልፋል። ከኑሯችን ጋር የሚያገናኘው ነገር የሌለ የሚመስል፣ በሩቅ አገር የተሠራ፣ አዘጋጆቹም ራሳቸው ተረት ነው ብለው የሰየሙት ፊልም የሠራተኛውንና የአርሶ አደሩን ልጅ ዓይኑን ሳይነቅል እንዲመለከት የሚያደርገው በምን ኃይሉ ነው?

ጥያቄውን በደፈናው ከመመለስ በአንድ ምሳሌ መመርመር ይሻላል። ለምሳሌነት የተመረጠው አሜሪካዊው ዋልተር ሂል ያዘጋጀው፣ በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1984) ለሕዝብ የቀረበው «ስትሪትስ ኦፍ ፋየር»፣ በአማርኛ «የእሳት ጎዳናዎች» ልንለው የምንችለው ፊልም ነው። ፊልሙ የድብድብም የሙዚቃም ነው። ጊታርና ከበሮ ከሞተር ብስክሌት ጩኸት ጋር ይፎካከሩበታል። አዘጋጆቹም በንዑስ ርእሱ «የሮክ ኤንድ ሮል ተረት» ብለውታል።

እስቲ ይህ ፊልም በዋሂል፣ ከአንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሮ ታየ ብለን እናስብ። ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር አካባቢዎች አንዷ ናት። አርሶ አደሩ ማሽላውን ዘርቶ ዝናቡን ይጠብቃል፤ ልጁ ደግሞ ዓይኑን ወደ ከተማው ይጥላል። ከአንሶላው ሥር ሕፃናት ይቀመጣሉ፤ ከኋላ አዛውንቶች ወንበር ይይዛሉ፤ በሩ ላይ ደግሞ ለመግባትም ለመሄድም ያልወሰኑ ወጣቶች ይቆማሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በይበልጥ በሩ ላይ የቆሙት ናቸው።

ታሪኩ ባጭሩ

ኤለን ኤም የተባለች ስመ ጥር ዘፋኝ ሪችመንድ በተሰኘው ሰፈሯ መድረክ ላይ ሆና ስትዘፍን፣ ሬቨን የሚባል የወሮበሎች አለቃ ባለሞተር ብስክሌት ጭፍሮቹን አስከትሎ ይገባና ከሕዝቡ መካከል ነጥቆ ይወስዳታል። ሰፈሩ ይደነግጣል፤ ፖሊሱም አቅም ያጣል። በአንድ ምግብ ቤት የምትሠራ ሪቫ የተባለች ሴት ወታደር ለነበረው ወንድሟ ለቶም ኮዲ መልእክት ትልካለች። ኮዲ በፊት የኤለን ወዳጅ ነበር። የዛሬው ወዳጇና ሥራ አስኪያጇ ቢሊ ፊሽ፣ ቢያስመልጣት 10,000 ዶላር ሊከፍለው ይዋዋላል። ማኮይ የተባለች፣ እርሷም ወታደር የነበረች ሴት ትቀላቀላቸዋለች። ሦስቱ ወሮበሎቹ ወደሚኖሩበት ሰፈር ዘልቀው ዘፋኟን ያስመልጣሉ። በመጨረሻ ሬቨን ሊበቀል ወደ ሪችመንድ ሲመጣ፣ ሁለቱ ወንዶች ከባድ ከባድ መዶሻ ጨብጠው መንገድ ላይ ይጋጠማሉ።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። የተነጠቀች ቆንጆ፣ ከሩቅ የሚመጣ ጀግና፣ ታማኝ ባልንጀራ፣ ገንዘብ ያለው ፈሪና ክፉ አለቃ፤ ከነዚህ ሁሉ የአያቶቻችን ተረት የማያውቀው አንድም የለም።

የሚስበው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ ፊልሙ ስለ ራሱ አይዋሽም። ነገሩ የሚሆነው በሌላ ዘመንና በሌላ ሥፍራ መሆኑን ገና ሲጀምር ያስታውቃል። መኪናውና አለባበሱ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹን ሲመስል፣ ዘፈኑ የ1980ዎቹ ነው። ከተማው ስም የለውም፤ ሌሊቱ የማይነጋ ይመስላል፤ በዝናብ የረጠበው አስፋልት የመብራቱን ቀይና ሰማያዊ መልሶ ያበራል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ሕፃን እንደማይታለል ሁሉ፣ የዚህ ፊልም ተመልካችም አይታለልም። የሚሰማው ተረት መሆኑን አውቆ፣ ፈቅዶና ተስማምቶ ይገባል። ቅዠትን እውነት አስመስሎ ከሚሸጥ ፊልም ይልቅ ተረትነቱን የሚያምን ፊልም ተመልካቹን ያከብራል።

በሁለተኛ ደረጃ ሙዚቃው ከውጭ የተለጠፈ ጌጥ ሳይሆን የታሪኩ አጥንት ነው። ፊልሙ በዘፈን ይከፈታል፤ በዘፈንም ይዘጋል። ሁለቱን ዘፈኖች የደረሰው ጂም ስታይንማን ነው፤ የጀርባውን ሙዚቃ ያዘጋጀው ደግሞ ራይ ኩደር ነው። ሮክ ኤንድ ሮል ለኢትዮጵያ ጆሮም እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ያንን ስሜት ወስዶ በአማርኛ ዜማ አዋህዶ በመጫወቱ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የሚል ቅጽል አትርፏል። የውጭውን የሰማ ሁሉ የራሱን ይጥላል ማለት ስሕተት መሆኑን የርሱ ሥራ ያስረዳል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከየቢሮው ደጃፍ «ነገ ተመለስ» እየተባለ የሚውል ወጣት፣ በዚህ ፊልም ውስጥ አንድ ሰው ቃሉን ተናግሮ ሳይጨርስ ወደ ተግባር ሲሻገር ያያል። በኮዲ ዓለም ቀጠሮ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ተራ ጥበቃ የለም። በደል ይፈጸማል፤ ሰው ይነሣል፤ በደሉ ይቃናል። ወጣቱ የሚመኘው ጠመንጃውን ነው ብሎ መፍረድ ነገሩን አለመረዳት ነው። የሚመኘው ውሳኔው ዋጋ እንዲኖረው ነው። ይህ ምኞት ደግሞ የሚያሳፍር አይደለም።

በዚህ ላይ የማኮይን ነገር ማለፍ አይገባም። ይህ ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ የተጻፈው ለወንድ ነበር፤ ተዋናይቷ ኤሚ ማዲጋን ለእኔ ይሰጠኝ ብላ ጠየቀች፣ ተሰጣትም። ስለሆነም ከፊልሙ ሴቶች አንዷ ነፃ አውጪ ስትጠብቅ፣ ሌላዋ ከነፃ አውጪዎቹ አንዷ ሆና ትገኛለች።

ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለ ጉልበት

ሠራተኛ ፊልም ሲያይ፣ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ የመጠየቅ ልዩ ብቃት አለው። የፊልሙን ሌሊት እንውሰድ። አብዛኛው የጎዳና ትዕይንት የተቀረፀው በካሊፎርኒያ፣ በዩኒቨርሳል ኩባንያ ግቢ ውስጥ በተሠሩ ሰው ሠራሽ መንገዶች ላይ ነው። ቀን ላይ ሌሊትን ለመቅረፅ እንዲቻል መንገዶቹ በግዙፍ ሸራ ተሸፈኑ። ተመልካቹ የሚያደንቀው ጨለማ እንግዲህ በሠራተኛ እጅ የተወጠረ ጨለማ ነው።

የዘፋኟም ድምፅ እንዲሁ ነው። በመድረኩ ላይ የምትታየው ተዋናይት ዳያን ሌን ናት፤ የሚሰማው ግን የሎሪ ሳርጀንትና የሆሊ ሸርዉድ ድምፅ ነው። ከዚህም የሚያስገርም አለ። በፊልሙ ውስጥ አንድ የዘፋኞች ቡድን የሚጫወተውን «አይ ካን ድሪም አባውት ዩ» የተሰኘ ዘፈን በድምፁ ያቀነቀነው ዊንስተን ፎርድ ነበር። በሸክላ ታትሞ የወጣው ግን ደራሲው ዳን ሃርትማን ራሱ የዘፈነው ሲሆን፣ በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ እስከ 6ኛ ደረጃ ወጣ። ፊቱ የሚታየው አንድ፣ ድምፁ የሚሰማው ሌላ፣ ስሙ የሚጠራው ሦስተኛ ሰው ሆነ ማለት ነው። በፋብሪካ ውስጥ የዋለ አንባቢ ይህን አሠራር ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም።

ገበያውም ቢሆን ፍርዱን በችኮላ ሰጥቷል። ወደ 14.5 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም በአገሩ ያስገባው ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ሊከተሉት የታሰቡት ሌሎች ክፍሎችም በዚያው ቀሩ። ነገር ግን በሒሳብ መዝገብ የሞተው ፊልም በሰው ልብ ውስጥ ቆየ። የጃፓኑ የፊልም መጽሔት የኪኔማ ጁንፖ አንባቢዎች ከዓመቱ የውጭ ፊልሞች መካከል መረጡት። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ባብልገም ክራይሲስ» የተባለው የጃፓን የካርቱን ፊልም ብዙ ነገር ወርሶታል፤ በ1989 የወጣው «ፋይናል ፋይት» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታም ለአንዱ ጀግናው ኮዲ የሚለውን ስም ሰጥቷል። የአንድ ሥራ ዋጋ በመጀመሪያው ሳምንት ትርፍ እንደማይለካ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

ዓይን የሚያልፈው ትዕይንት

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የፊልሙን ድካም አለመናገር ታማኝነት አይሆንም። ወሮበሎቹ ከየት መጡ? ማን አሳደጋቸው? ሥራ ነበራቸው ወይስ ተነፍገው? ፊልሙ አይጠይቅም። ክፉ ክፉ የሆነው ክፉ ስለሆነ ብቻ ነው። ተረት እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስለማይወድ ተመልካቹ ራሱ ሊጠይቅ ይገባል።

ይሁንና ፊልሙ ራሱ ሳያስጮህ የሚያሳየን፣ የብዙ አድናቂዎቹ ዓይን ግን የሚያልፈው አንድ ትዕይንት አለ። ኮዲ ሬቨንን በመዶሻውም በጡጫውም ያሸንፈዋል። ነገር ግን ሬቨን ብቻውን አልመጣም፤ የጭፍሮቹ ብዛት አንድን ሰው፣ የቱንም ያህል ጀግና ቢሆን፣ ለመዋጥ ይበቃል። ታዲያ ስለምን ወደ ኋላ ተመለሱ? የሪችመንድ ነዋሪዎች ከየቤታቸውና ከየሱቃቸው መሣሪያቸውን ይዘው ወጥተው ስለቆሙ ነው። በመጀመሪያው ትዕይንት ዘፋኛቸው ስትነጠቅ የተበታተነው ሕዝብ፣ በመጨረሻው ትዕይንት አንድ ሆኖ ተገኘ። የፊልሙ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ኮዲ ሲገባም ሲወጣም ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው ሰፈሩ ነው። ቁም ነገሩም ጠመንጃው ሳይሆን አብሮ መውጣቱ ነው።

ኮዲ ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ብቸኛ ጀግና ሁልጊዜ ይሄዳል። በማግስቱ መስታወቱን የሚጠግነው፣ መንገዱን የሚጠርገው፣ ምግብ ቤቱን የሚከፍተው የቀረው ሕዝብ ነው።

ድሬዳዋ የምታውቀው ማዳን

ይህ ትምህርት ለድሬዳዋ ሰው አዲስ አይደለም። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በሠራተኛ ጉልበት የቆመች ናት። በ1950ዎቹ በዚህችው ከተማ ወጣቶች ተሰባስበው «አፍራን ቀሎ» የተባለ የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ የነበረው መንግሥት ቡድኑን በጥርጣሬ ተመለከተው፤ በኋላም አገደው። ከዚህ ቡድን ገና በልጅነቱ ብቅ ያለው ዓሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. እስካረፈበት ቀን ድረስ የሚሊዮኖች ድምፅ ሆኖ ኖሯል።

እዚህ ላይ መድረኩ የተነጠቀው በሞተር ብስክሌት ሳይሆን በትእዛዝ ነበር። ታዲያ ዘፈኑን ማን አዳነው? ከሩቅ በባቡር የመጣ ባለጠመንጃ የለም። ያዳነው በየሠርጉ ቤት የተቀበለው፣ ያጨበጨበውና ለልጁ ያስተማረው ሕዝብ ነው። እንዲሁም በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት በቀጠፈ ጊዜ፣ ለተጎጂው የደረሰለት በቅድሚያ ጎረቤቱ ነበር። የእነዚያ ጎረቤቶች ታሪክ በፊልም አልተሠራም። በመዶሻ ግጥሚያ የሚያልቅ ታሪክም አይደለም።

በሩ ላይ የቆሙትስ?

እንግዲህ በዋሂል አዳራሽ በር ላይ ወደተውናቸው ወጣቶች እንመለስ። ሁለት ዓይነት ስሕተት ይጠብቃቸዋል። አንደኛው «ይህ የባዕድ ቅራቅንቦ ነው» ብሎ ፊልሙን ማጥፋት ነው። እንዲህ ያደረገ ማኅበር ፊልሙን አያጠፋም፤ ወጣቱን ብቻ ያጣል፤ ወጣቱ ፊልሙን በእጅ ስልኩ ብቻውን ሆኖ ያየዋልና። ሁለተኛው ስሕተት አይቶ በዝምታ መበተን ነው። በዝምታ የታየ ፊልም ከሰው ልብ የሚያስቀረው የኮዲን ትከሻ ብቻ ነው።

የሚበጀው አብሮ አይቶ አብሮ መነጋገር ነው። መብራቱ ሲበራ አንድ አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ ያ ሁሉ ወሮበላ ምን አይቶ ነው የተመለሰው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ከሙሉ ቀን ስብሰባ የበለጠ ትምህርት ይገኛል። አንዱ የኮዲን ጡጫ ይጠቅሳል፤ ሌላዋ በየበሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች ታስታውሳለች። ክርክሩ ከዚያ ይነሣል። ከዚያም ጥያቄው ከሪችመንድ ወጥቶ ወደ ዋሂል ይመጣል። በእኛ ሰፈር አቅም አጥቶ የተቀመጠው ማን ነው? «ነገ ተመለስ» የሚለውን ቃል አብረን ብንሄድ ማን ሊደግመው ይችላል?

ፊልሙ ለወጣቱ ድፍረትን በሙሉ መጠኑ ያሳየዋል፤ ይህን በማድረጉ ሊመሰገን ይገባል። ድፍረቱን የት እንደሚያውለው ማሳየት ግን የፊልም ሠሪው ሳይሆን የማኅበሩ ተግባር ነው። ወጣቱ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። ገብተህ ተቀመጥ ሊባል ይገባዋል፤ ፊልሙ ሲያልቅም ሐሳብህን ተናገር ሊባል ይገባዋል።