ኮርቻውም ይመዘናል

ጠጋ በሉ፤ ይሄን ጮክ ብዬ አልናገረውም።

ደባርቅ ነው የምሠራው። ከሰሜን ተራሮች የሚወርዱ አስጎብኚዎች ፎቷቸውን እኔ ዘንድ ያስገለብጣሉ። አንዲት የኮከብ ምልክት ሊኑክሱ ላይ ጻፍ አደርጋለሁ፣ «ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ» ማለቴ ነው፤ አለቀ። ደንበኛው አፉን ከፍቶ ያየኛል። አስማተኛ እመስላለሁ።

አይደለሁም። ኮከቧን ገልባጩ ፕሮግራም ከነጭራሹ አያያትም። ከጓዳ ሼሉ፣ ማለትም ትእዛዜን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ የፋይሎቹን ስም አንድ በአንድ ዘርግፎ ለከርነሉ፣ ለሊኑክስ እምብርት፣ ያስረክባል። ጉዱ ያለው እዚያ ርክክብ ላይ ነው።

አንድ ቀን 50 ሺህ የጭላዳ ፎቶ መጣልኝ፣ የወቅቱ ሙሉ ስብስብ። አስጎብኚው «እትዬ፣ ቶሎ በሉልኝ፣ እንግዶቼ መኪና ውስጥ ናቸው» ይላል። ኮከቧን ጻፍኩ። «ዝርዝሩ ረዝሟል» ብሎ መለሰልኝ። ገልባጩን ረገምኩት። ምስኪን! እሱ እኮ ገና አልተነሳም፤ ከርነሉ ነው በር ላይ የመለሰው።

የደባርቅ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ባለበቅሎ «ሻንጣው ስንት ነው?» አይልም፤ አንስቶ ክብደቱን ያያል። ከርነልም ፋይል አይቆጥርም፤ ባይት ነው የሚመዝነው። በተለመደው ሊኑክስ ጣሪያው 2,097,152 ባይት ነው፣ ማለትም ለፕሮግራሙ የሚፈቀደው የ8 ሜጋባይት የሥራ ቦታ (ስታክ) ሩብ። ማክ ላይ ግማሹ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከርነል 2.6.23 እስኪወጣ ድረስማ ሊኑክስም 131,072 ብቻ ነበር የሚያሳልፈው። ደግሞ ኮርቻውም ይመዘናል፦ ሼሉ ለፕሮግራሙ የሚያወርሰው ቅንብር ሁሉ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል።

አሁን ዋናው ሹክሹክታ። ፊደላችን ይከብዳል!

በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ 3 ይይዛል። «ጭላዳ» ወረቀት ላይ ሦስት ፊደል ናት፤ ሚዛን ላይ 9 ባይት። የኔዎቹ ፋይሎች ደግሞ «ጭላዳ_ሳንቃበር_00001» እያሉ ነው የሚቀጥሉት። ቅጥያውንም፣ ከርነሉ ለየስሙ የሚይዘውን የአድራሻ ቦታም ጨምሬ ሳሰላው፣ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው 47 ሺህ ገደማ ነው። ያው ስም በላቲን ቢጻፍ 61 ሺህ ገደማ ያልፍ ነበር። 50 ሺዬ ሊያልፍ ሲል በፊደሉ ተያዘ ማለት ነው። (ስሙን ግን አልቀየርኩም። ጭላዳን በላቲን? አይሆንም።)

ታዲያ እንዴት ወጣሁ? በሁለት ትእዛዞች፦ «ፋይንድ» ስሞቹን ይለቅማል፣ «ኤክስአርግስ» ጭነቱን በልክ በልኩ ከፋፍሎ ፕሮግራሙን ደጋግሞ ይልከዋል። በቅሎዋን ደጋግሞ እንደማመላለስ ነው። ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለበት ግን ሁለቱም ላይ ስሞቹን በዜሮ ባይት የሚለየውን አማራጭ ጨምሩ፤ አለዚያ አንዱ ሻንጣ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

አስጎብኚው እስከ ዛሬ ሁሉም በአንድ ትእዛዝ ያለቀ ይመስለዋል። እናንተም እንዳትነግሩት።